በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ

እነዚህን ደብዳቤዎች በንጹሕ የገለበጧቸው አራሚው ናቸው። ፊደሌን አስተካክለዋል፤ ነጥቦቼን ለቅመዋል። ሁለት ቦታ ላይ ግን እንዳይነኩብኝ ከልክያቸዋለሁ።


ጥቅምት 9

ለአራሚው፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለመጀመሪያዋ ወረቀቴ የመለሱልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ማን እንደሆንኩ፣ የሕግ ክሊኒኩ ምኔ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ በስልክ በሚጽፍበት ዘመን እኔ ለምን በወረቀት እንደምጽፍ ጠይቀዋል። ከመጨረሻው ልጀምር። ስልክ የለኝም። የማነበው በልብስ ሰፊው ሚስት ስልክ ነው። እሷም ስታውሰኝ እንዳልጥልባት ከእጄ ሥር እጇን ዘርግታ ነው የምትቆመው። እንደዚያ ተሁኖ ደብዳቤ አይጻፍም።

ማን ነዎት ላሉኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ያጠብኩ ሴት ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያየው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ድምፅ በግድግዳው ውስጥ ያልፋል፤ እሑድ ሲዘጋ ግን ጆሮዬ የሚይዘው ያጣል።

ክሊኒኩን በተመለከተ እኔም መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር። ልጄ ከእስር ቤት «ክሊኒክ ጉዳዬን ያዘልኝ» ብሎ ሲልክብኝ ታሞ መስሎኝ ብርቱካን ገዝቼ ሄጃለሁ። ለካ የሕግ ተማሪዎችና አንዲት መምህርታቸው ናቸው። ባላጠፉት ጥፋት የተፈረደባቸውን ሰዎች መዝገብ እያገላበጡ ይከራከራሉ። ብርቱካኑን በሉልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። እርስዎ የሚጠብቁት ጽሑፍ፣ በኢንተርኔቱ መዝገበ ዕውቀት ላይ ስለዚህ ክሊኒክ የተጻፈው፣ አራተኛው አንቀጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «መጋዘን በማቃጠልና ለጥበቃ ሠራተኛው ሞት ምክንያት በመሆን የተፈረደበት የማስታወቂያ ሠዓሊ ከዘጠኝ ዓመት እስር በኋላ በይቅርታ ተፈታ።» ያ ሠዓሊ ልጄ ነው። መጋዘኑ ሲቃጠል እሱ ሌላ ከተማ፣ የጥርስ ሐኪም በር ላይ፣ መሰላል ላይ ቆሞ ሰማያዊ ጥርስ ይቀባ ነበር። ክሊኒኩ ይህንን አረጋገጠ፤ ፍርድ ቤቱም ነፃ ነህ ብሎ አሰናበተው። ላላጠፋ ሰው ምን ተብሎ ይቅርታ ይደረጋል? ይቅርታ ጠያቂ መሆን የነበረበት እሱ አይደለም፤ ይቅርታ ሊጠየቅ የሚገባው እሱ ነበር። እስካሁን ደጃፌ መጥቶ የጠየቀ የለም።

አንዲት ቃል ናት። አውጥተው በምትኳ «ነፃ ተብሎ» ብለው ይጻፉ። ሌላ የምለምንዎ ነገር የለም።


ጥቅምት 26

ለተከበሩ እናቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ስለዘገየሁ ይቅርታ ይደረግልኝ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ ደብዳቤዎንም በአንድ ቁጭታ አልጨረስኩትም።

ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን ልንገርዎ። ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበርኩ። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ እጄ ሥራ ፈታ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ እኔን የሚያርመኝ ሰው የለም። እናም መዝገበ ዕውቀቱ ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸውን ጽሑፎች እጠብቃለሁ። ረግጫቸው የማላውቃቸው ድልድዮች አሉ፣ አንዲት ጥንዚዛ አለች፣ ይህ ክሊኒክም አለ። ደመወዝ የለውም፣ አለቃም የለውም። ደንብ ግን አለው፦ የታተመ ምንጭ የሌለው ነገር አይጻፍም። እናት እንኳ ብትመሰክር ምንጭ አትባልም። ይህን ስጽፍልዎ አፍሬያለሁ።

እንደ ዕድል ሆኖ ግን የዩኒቨርሲቲው መጽሔት ክሊኒኩ ነፃ ያስወጣቸውን ስምንት ሰዎች ሲዘረዝር ልጅዎን ከስምንቱ ይቆጥረዋል። «በይቅርታ» ያለው አንድ ጋዜጣ ነው። ሁለቱ ተጣልተዋል፤ እኔ ለመጽሔቱ አድልቼ ዛሬ ጠዋት ቃሉን ለውጬዋለሁ።

አንድ የግል ጥያቄ ልጠይቅ፤ ባይመልሱም አልቀየም። ደብዳቤዎ ውስጥ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አለ። ዛሬ እንዲህ የሚጽፍ የለም። ማተሚያ ቤት ስቀጠር የመጀመሪያ ሥራዬ ከሽማግሌ ጸሐፊዎች ጽሑፍ ላይ ሁለት ነጥብ መልቀም ነበር፤ ጠጠር ከሩዝ እንደሚለቀም። እርስዎ ከማን ተማሩት? ደግሞም «ቤት»ን ሁልጊዜ «ቢት» ነው የሚሉት። አይቀየሙኝ፣ የሥራ በሽታ ነው።

ልጅዎስ፣ ራሱ ቢጽፍልኝ አይሻልም?


ኅዳር 11

ለአራሚው፤

እናትዎ አይደለሁም። ብበልጥዎ ጥቂት ዓመት ነው። ያን «ይቅርታ» የሚል ቃል ደግሞ ደብዳቤዎ መግቢያ ላይ እንደ ሰላምታ አስቀምጠውታል፤ ሁለተኛ እንዳላየው። ዘግይተው ከሆነ «ዘግይቻለሁ» ይበሉ፣ ይበቃል።

ስለለወጡልኝ ግን እግዜር ይስጥልኝ። የልብስ ሰፊው ሚስት አነበበችልኝ፤ ከዚያ እኔ ራሴ አነበብኩት፤ ከዚያ ደገምኩት። «እትዬ፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው» አለችኝ። «ይለቅ፣ እኔም አልቄ ነው የደረስኩበት» አልኳት።

ስለ ነጥቦቹ። ልጄ ሲታሰር ማንበብ አልችልም ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ ለባለሱቁ ነበር የምወስደው። ባለሱቁ ሁለቱን ገጽ ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ይሮጥበትና «ደህና ነኝ ይላል» ይለኛል። ሁለት ገጽ ሙሉ ደህና ነኝ? «ሌላስ?» እለዋለሁ። «ሰላም ሁኚ ይላል። እትዬ፣ ደንበኛ ቆሟል።» የልጄ ነገር በሰው ምላስ እየተቆነጠረ ሲሰጠኝ መረረኝ። «ፊደል ላክልኝ» ብዬ አስጻፍኩበት። ላከልኝ። አንሶላዎቹ ላይ የሚታተመውን የየክፍሉን ምልክት ስለማውቅ ጥቂት ፊደል ነበረችኝ፤ የቀረውን ከእስር ቤት በፖስታ አስተማረኝ። ቃል የት እንደሚያልቅ ስለማይገባኝ በየመካከሉ ሁለት ነጥብ አደረገልኝ። «እማዬ፣ ነጥቦቹ በር ናቸው። እዚያ ስትደርሺ ትንፋሽ ውሰጂና ግቢ» አለኝ። እኔም በዚያው ቀረሁ፣ እሱም በዚያው ቀረ። የልብስ ሰፊውን ታፔላ የቀባው እሱ ነው፤ «ልብስ፡ስፌት» ይላል። ልብስ ሰፊው «ይቺ ነጥብ የቀለም ብክነት ናት» ብሎ ነበር፤ ልጄም «እሷን በነፃ ነው የቀባሁልህ» አለው።

ስለ «ቢት»። የጻፍኩትን በእርሳስ አርሞ ይመልስልኝ ነበር፤ ከጎኑም ሁልጊዜ «ቀለበቷን ረሳሽ» ይላል። የቤ እግር ላይ ያለችውን ቀለበት ማለቱ ነው። እኔ በጣቴ ቀለበት አጥልቄ አላውቅም፤ በፊደል እግር ላይ ያለችው እንዴት ትዝ ትበለኝ?

ለምን ራሱ አይጽፍም ላሉኝ፣ ሥራ ይበዛበታል።

ይልቅ ያለፈው ሳምንት ስልኩን ስትሰጠኝ «በይቅርታ» ተመልሶ ቁጭ ብሏል። እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላ?


ኅዳር 29

ለተከበሩ እመቤት፤

ዘግይቻለሁ። (ይኸው፣ ተምሬአለሁ።)

እኔ አይደለሁም። በዚህ መዝገበ ዕውቀት ላይ ማንም መጥቶ መለወጥ ይችላል። ስሙን ማስገባት ካልፈለገ አንድ ረጅም ቁጥር ብቻ ይመዘገባል። እያንዳንዱ ለውጥም ከነምክንያቱ በጽሑፉ የታሪክ ገጽ ላይ ይቀመጣል። ቃሉን የመለሰው እንዲህ ያለ ባለ ቁጥር ሰው ነው። ምክንያቱን ሲጽፍ «ትክክሉ ይህ ነው» ይላል። ወደ «ነፃ» መለስኩት፤ መጣና ለወጠው። ደግሜ መለስኩት፤ መምጣቱ አይቀርም።

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ግራ አጋብቶኛል። አይሳደብም። ሌሎቹ ይሳደባሉ፤ በጥንዚዛዋ የተነሣ እንኳ እናቴን የሰደበብኝ ሰው አለ። ይህኛው ሌላ ምንም አይነካም። ያችን አንዲት ቃል ብቻ ለውጦ ይሄዳል። የሚመጣው ሁልጊዜ እሑድ ነው።

እንዲህ እየተጓተትን መኖር ስለማንችል ለክሊኒኩ መምህርት ጽፌላቸዋለሁ። ከዩኒቨርሲቲው ለቀዋል፤ ግን አድራሻቸውን አግኝቻለሁ። እስከዚያው ልጅዎ የፍርዱ ግልባጭ ይኖረው እንደሆነ ይጠይቁልኝ። የት ነው የሚሠራው? ቅርብ ከሆነ እኔው ልጻፍለት።


ታኅሣሥ 15

ለአራሚው፤

እሑድ የሚመጣ ከሆነ በሌላው ቀን ሥራ ያለው ሰው ነው። ዐቃቤ ሕጉ ነው። ወይም ያ ምስክር ነው፣ በዚያ ሁሉ ጭስ ውስጥ የልጄን ፊት አየሁ ያለው። ሰው በዕረፍት ቀኑ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ የሰው ልጅ ስም ያጎድፋል? ጣቱ ይሰበር። እንዲህ ብላለች ብለው ለእሱም ይንገሩት።

ግልባጩን አላየሁትም። ሁለተኛ ጊዜ ስለጠየቁኝ የቀረውንም ልንገርዎ፤ በዚህ ሰፈር የማውቀው ሰው ስላልሆኑ ይቀላል። ልጄ የት እንዳለ አላውቅም። ከሄደ ስድስት ዓመት አለፈው። ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ በዛበት እላለሁ፤ ለእርስዎም ያንኑ ነው ያልኩት።

የተፈታ ጊዜ መጣ። ተደብቆ የሚገባ ሰው ይመስል በጓሮ በኩል ነው የመጣው። እኔ ግን እጁን ይዤ ሰፈሩን አዞርኩት። ልብስ እጥበት ክፍል ወሰድኩት፣ ባለሱቁ ጋ ወሰድኩት፣ ፊቷን ያዞረችብኝ ሴት ሁሉ በር ላይ አቆምኩት። «ይኸው! ፍርድ ቤቱ ነፃ ነህ ብሎታል!» እያልኩ። እሱ ከኋላዬ ቆሞ ጫማውን ያያል። ዓይን አፋርነት መሰለኝ። ባለሱቁ «እሰይ! እስቲ ወረቀቱን አምጣውና እዚሁ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን፣ አፋቸውን እንዲይዙ» አለው። «አሁን አልያዝኩትም» አለ። በሳምንቱ፣ የልብስ ሰፊውን ታፔላ ቀብቶ በገባበት ማታ፣ እኔም «ወረቀቱን ስጠኝና ነገ እኔው እወስድለታለሁ» አልኩት። «እማዬ፣ ተይው» አለኝ። «ምን እተወዋለሁ? ዘጠኝ ዓመት የተሰደብኩበት ነው!» ብዬ ጮህኩበት። በነጋታው ስነሣ አልጋው ተነጥፏል። ያስቀረልኝ የጀመረውን አንድ ቆርቆሮ ሰማያዊ ቀለም ነው።

እንግዲህ ለምን አንዲት ቃል እንደዚህ ትነዘንዘኛለች ካሉ ይህ ነው። ስለ ልጄ በዚህ ዓለም ላይ ተጽፎ የቀረ ነገር ያ አንድ መስመር ነው። በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ መስመሩ እንኳ ውሸት ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም።


ጥር 20

ለተከበሩ እመቤት፤

እንዴት ከረሙ? እዚህ ብርዱ በርትቷል። ፎቅ ላይ ስለምኖር ንፋሱ ከሁሉም በፊት እኔን ነው የሚያገኘኝ። ከድልድዮቼ አንዱ እድሳት ላይ ነው አሉ፤ ምንጭ እየፈለግሁለት ነው።

የመምህርቷ መልስ መጥቷል። ብዙ የሚባል ነገር የለውም። እኔ የማስበው ክርክሩን ለጊዜው ብናቆየው፣ አራተኛው አንቀጽም አሁን ባለበት ቢቆይ ይሻላል። አንዳንድ ነገር ጊዜ ይፈልጋል።

ራስዎን ይጠብቁ።


ጥር 30

ለአራሚው፤

ይህን ደብዳቤ የጻፉት እርስዎ ሳይሆኑ ባለሱቁ ነው። «ደህና ነኝ ይላል፣ ደንበኛ ቆሟል።»

የሰው ጽሑፍ በሌላ ሰው ዓይን እየተመረጠ ሲነበብልኝ ኖሬያለሁ። ሳይነበብልኝ የቀረው ሁልጊዜ ዋናው ነበር። ያ እንዳይደገምብኝ ብዬ ነው በዚህ ዕድሜ ፊደል የቆጠርኩት። ብርድዎንም ድልድይዎንም ሰምቻለሁ፤ ለሁለቱም አዝንልዎታለሁ። አሁን ሁለት ነገር ይላኩልኝ። አንደኛ፣ መምህርቷ ያሉትን፣ እንዳሉት። ሁለተኛ፣ ያ የእሑድ ሰውዬ ምክንያት ብሎ የጻፈውን በሙሉ። እንደጻፈው ይገልብጡልኝ። እንዳያርሙት።

ምን ሊሆን ነው ብለው ነው የሚፈሩት? እኔ ምን ቀረኝ?


የካቲት 12

ለተከበሩ እመቤት፤

እሺ። እንዳሉት።

መምህርቷ እንዲህ ጽፈዋል፦ «ልጁ ያለ ጥፋቱ እንደታሰረ ዛሬም አምናለሁ። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ያቀረብነው አቤቱታ ግን ከቀጠሮ ቀጠሮ እየተገፋ ዓመታት ወሰደ። በዚህ መካከል የይቅርታ ማመልከቻ መቀበል ተጀመረና እሱ ፈረመ። ማመልከቻው ‹ጥፋቴን አምኜ ተጸጽቻለሁ› የሚል ነው። አትፈርም ብዬው ነበር። ‹እናቴ እያረጀች ነው፤ እውነቱን እኔና እርስዎ እናውቀዋለን› አለኝ። እሱ ሲፈታ አቤቱታው ተዘጋ። ነፃ ያለው ፍርድ ቤት የለም። መጽሔታችን ላይ ከነፃ ወጪዎቹ ጋር የቆጠርነው የእኛ ስሕተት ነው፤ ደስ ብሎን ቆጠርነው።»

ስለዚህ ጋዜጣው ልክ ነበር። የተሳሳትነው እኔና እርስዎ ነን።

የእሑዱ ሰው የጻፈው ደግሞ ይህ ነው። ሦስት ጊዜ መጥቷል፤ ሦስቱንም እንዳለ ገልብጬዋለሁ፦

ትክክሉ፡ይህ፡ነው።

ትክክሉ፡ይህ፡ነው።

ይህን፡ሰው፡ነፃ፡ያለው፡ፍርድ፡ቤት፡የለም፡እባክዎ፡ይተዉት።

ኅዳር ላይ ይህንኑ ቃል ስጽፍልዎ ነጥቦቹን አስቀርቼ ነበር። ሳላስብበት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የለቀምኩት ነገር ስለሆነ እጄ ዘለላቸው፤ ዓይኔም አላያቸውም። አሁን «እንዳያርሙት» ስላሉኝ አንድ በአንድ ስገለብጥ እርሳሴ ሁለተኛው ቃል ላይ ቆመ። እርስዎም አሁን እዚያው ቦታ ላይ የቆሙ ይመስለኛል።

ቁጥሩ የት እንዳለ አይነግረኝም። የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጀርባ አራሚዎች የሚከራከሩበት የመወያያ ገጽ አለ። እዚያ የሚጻፍ ነገር ካለ ቃሉን ሊለውጥ የመጣ ሰው ያየዋል።

የከለከሉኝን ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ልጠቀምበት። ይቅርታ።


ሚያዝያ 3

ለአራሚው፤

ዘግይቻለሁ።

ደብዳቤዎን ለልብስ ሰፊው ሚስት አላሳየኋትም። ብዙ ቀን ትራሴ ሥር ነበር። አውጥቼ የማነበው ሦስቱን መስመር ብቻ ነው። በየነጥቡ ትንፋሽ እወስዳለሁ፣ እገባለሁ፤ ማንም የለም፤ እወጣለሁ።

ጣቱ ይሰበር ብዬ ነበር። ያን ወረቀት ካላቃጠሉት ያቃጥሉልኝ።

በሕይወት አለ። ይህን ያህል አወቅሁ። እሑድ እሑድ፣ እኔ ጆሮዬ የሚይዘው ባጣበት ሰዓት፣ እሱም የሆነ ቦታ ተቀምጦ ያንኑ መስመር ያያል። አንድ ወረቀት ከሁለት ጫፍ ይዘን ስንጓተት ነው የከረምነው፤ እኔ በእርስዎ እጅ፣ እሱ በራሱ።

ቁጣዬ የበረደ እንዳይመስልዎ። ያልሠራውን ሠርቻለሁ ብሎ የፈረመው ወደ እኔ ለመምጣት ነው። መጥቶ ደግሞ ስለፈረመ እኔ ዘንድ መቀመጥ አልቻለም። ይህንን ማን ላይ እንደምጮህ አላውቅም። ባለሱቁ ላይ ሞከርኩ። «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሻል?» አለኝ። ምን እንደሆንኩ ብነግረው ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ያጣል። እኔ በየበሩ «ነፃ» ባልኩ ቁጥር ልጁ ከኋላዬ ሆኖ ውሸታም ይሆን ነበር። ጫማውን ያየው ለዚያ ነው። ዓይን አፋር አይደለም ልጄ፣ ሆኖም አያውቅ።

አሁን የምልዎትን ያድርጉልኝ። አራተኛውን አንቀጽ እሱ እንዳለው ይተዉት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ «ክሊኒኩ ስምንት ሰዎችን ነፃ አስወጥቷል» የሚለው አለ። ሰባት ይበሉት። የምትጎድለው የእኔ ናት፤ ትጉደል። መምህርቷ ምንጭ ካልተባሉ ግን ደንብዎ ራሱ ይታረም።

ያሉት የመወያያ ገጽ ላይ ይህቺን ያስቀምጡልኝ። ፊደሏን እንዳይነኩ፣ ነጥቧንም።

ነፃ፡የሚለውን፡ቃል፡ትቼዋለሁ፡ወረቀት፡አልጠይቅህም፡ቢት፡አለህ።


ግንቦት 2

ለተከበሩ እመቤት፤

ሁለተኛውን አንቀጽ አርሜዋለሁ፤ ሰባት ይላል። መምህርቷ ለመጽሔቱ የማስተካከያ ማስታወቂያ ልከው ስለታተመላቸው ምንጭ ተገኝቷል። ጽሑፉ አሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልክ ነው። እንዲህ ልል የምችልባቸው ጽሑፎቼ ጥቂት ናቸው፤ ጥንዚዛዋ እንኳ ገና ናት።

መስመርዎንም አስቀምጫለሁ። ደንቡ የመወያያ ገጽ ስለ ጽሑፉ ብቻ እንዲሆን ያዛል። ይህም ስለ ጽሑፉ ነው ብዬ ከራሴ ጋር ተከራክሬ ረታሁ። አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፦ መጨረሻዋ ላይ ያለችውን ፊደል አይቻታለሁ። አይቼ ሳላርም ያለፍኩት ስሕተት በሕይወቴ እሷ የመጀመሪያዋ ናት። እጄ እየተቁነጠነጠ ከኪሴ አላወጣሁትም።

ከዚያ ጥቂት እሑድ አለፈ። ማንም አልመጣም። ጠዋት ጠዋት ኮምፒዩተሩን የምከፍተው ለድልድዮቼ ነው ብዬ ራሴን ብዋሽም ለዚያ አልነበረም። ልጽፍልዎ አስቤም የምጽፈው ስላጣሁ ተውኩት።

ትናንት መጣ። አራተኛውን አንቀጽ አልነካውም። ሰባቱንም አልነካም። የመወያያ ገጹን ከፍቶ ከእርስዎ መስመር አንዲት ፊደል ብቻ ለውጦ ሄደ። አሁን መስመሩ እንዲህ ይላል፦

ነፃ፡የሚለውን፡ቃል፡ትቼዋለሁ፡ወረቀት፡አልጠይቅህም፡ቤት፡አለህ።

ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ የጻፈው ይህንን ነው። አላረምኩትም፦

ቀለበቷን፡ረሳሽ።

ሌላ ምንም አላለም።


ግንቦት 14

ለአራሚው፤

ደብዳቤዎን ሳነብ የልብስ ሰፊው ሚስት ገብታ «እትዬ፣ ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት። «ታዲያ?» አለች። «ማንም አልኩሽ እኮ!» ብዬ ጮህኩባትና ስልኳን እስከ ማታ ድረስ ያዝኩባት። እጇን ከሥር ሳትዘረጋ ትታልኝ ሄደች።

ከታች ያለችውን ከፊተኛዋ ሥር ያስቀምጡልኝ። ሆን ብዬ ሁለት ቦታ አሳስቻለሁ። ሦስተኛ ካገኙ ያ የራሴ ነው። አንዱንም እንዳያርሙብኝ፤ አራሚ አላት።

ሰማያዊው፡ቀለም፡ደርቋል፡ታፔላው፡ደብዝዟል፡ሊላ፡ቀለም፡ይዘህ፡ና፡እሑድ፡እሑድ፡ቢት፡ነኝ።